ቅጠሉ ያማረው ሜሎን ፍሬ አልይዝ ሲል፣ ከያዘ በኋላ ደግሞ አልጣፍጥ ሲል፦ የአንድ ጓሮ የሁለት ወቅት ጉዳይ

ይሄን ጉዳይ መዝግቦ ማስቀመጥ ይጠቅማል ያልኩት በአንድ ጓሮ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተከታትለው መጥተው ሁሉም ሰው ግን እንደ አንድ ችግር ስላያቸው ነው። መጀመሪያ ሐረጉ ፍሬ አልያዘም፣ ቀጥሎ የያዘው ፍሬ አልጣፈጠም፣ ለሁለቱም የተሰጠው ምክንያት "ዘሩ ነው" የሚል ነበር። ዘሩ አልነበረም። ሜሎን ስል ቆዳው ላይ መረብ መረብ ያለውን፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ነው። ቀዩ ሐብሐብ ላይ አንዳንድ ነገር ይለያል፣ እሱን ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ።

ዳራው

የጓሮው ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ አትክልት ለረጅም ጊዜ ሲያለሙ ኖረዋል፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ዱባ ምናምን በእጃቸው ይሆናል፣ ሜሎን ግን የመጀመሪያቸው ነው። ሁለት መደብ አዘጋጁ። አንዱ ገላጣ ቦታ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፣ ሌላው ከግንብ አጥር ስር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይገባበታል፣ የውሃ ጎማውም እዛ ድረስ አይደርስም፣ በባልዲ ነው የሚጠጣው። ይሄን የሁለት መደብ ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ብዙ ነገር ያስተማረን እሱ ነው።

አፈሩን በዶሮ ፍግ በደንብ አዳብረውታል። በደንብ ስል ከሚገባው በላይ ማለቴ ነው። ዘሩ የታሸገ ኤፍ ዋን ሃይብሪድ፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ዘር ነበር፣ በኩባያ አብቅለው ሥሩ ሳይነካ ወደ መደቡ አዛወሩት፣ ይሄ ትክክል ነበር ምክንያቱም ሜሎን ሥሩ ሲነካ አይወድም። ጊዜውንም ጠብቀዋል፤ አፈሩ ከ18 ዲግሪ በታች ከሆነ የሜሎን ዘር ይንቀራፈፋል ወይ ይበሰብሳል፣ ከ25 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን ግን ቶሎ ይወጣል። ችግኙ እንደተተከለ ነፍሳት እንዳይበሉት ሁለቱንም መደብ በቀጭን መረብ ሸፈኑት። አጠገቡ ኪያር ተክለዋል።

ችግር አንድ፦ ሐረግ ብቻ

እኔ የተጠራሁት ሐረጉ መደቡን ሞልቶ መረቡን እየገፋ ባለበት ሰዓት ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሰው እጅ የሚያህል፣ አበባውም ቢጫ በቢጫ፣ ፍሬ ግን የለም። ባለቤቷ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ወንድ ሆኖብኛል መሰለኝ" አሉኝ። ፓፓያ ላይ ወንዱ ዛፍና ሴቷ ዛፍ የሚለያዩበት ጊዜ ስላለ ይሄ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሜሎን ግን እንደዛ አይደለም፣ አንዱ ተክል ላይ ሁለቱም አለ። ጎረቤት ደግሞ ሌላ ምክንያት ሰጥቷል፣ ኪያሩ ተዳቅሎበት ነው አላቸው። ሌላ ሰው ዩሪያ ጨምሩበት ብሏቸው ሁለት ጊዜ ጨምረዋል፤ ፍግ የበዛበት መደብ ላይ ዩሪያ! ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ሐረግና ቅጠል ማብዛት ላይ ይጠመዳል፣ ፍሬ የሚይዘውን አበባ ያዘገያል፣ ስለዚህ ምክሩ የነበረውን አባባሰው እንጂ አልረዳም።

አበባዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። እዚህ ጋር ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አብዛኛው የሜሎን ዝርያ ላይ መጀመሪያ የሚመጡት ወንድ አበባዎች ናቸው፣ ዋናው ሐረግ ላይ በብዛት ይደረደራሉ፣ ፍሬ የሚሆነው አበባ ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ እሱም በብዛት ከዋናው ሐረግ በሚወጡት የጎን ሐረጎች መጀመሪያ አንጓዎች ላይ ነው። መለያው ቀላል ነው፣ ከአበባው ጀርባ ትንሽ ጠጉራም ፍሬ የምትመስል እብጠት አለች። ይሄ አበባ ሜሎን ላይ ብዙ ጊዜ የወንዱንም የሴቷንም ክፍል የያዘ ነው፣ ቀዩ ሐብሐብ ላይ ግን በአብዛኛው ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። የራሱ ብናኝ፣ ማለትም ከወንዱ ክፍል የሚወጣው ዱቄት፣ ካለው ታዲያ ለምን ራሱን አያዳቅልም? ብናኙ ከባድና ተለጣፊ ስለሆነ ነው፣ ነፋስ አያነሳውም፣ የግድ ንብ ወይ ሌላ ነገር አንስቶ መሃል ያለው ጫፍ ላይ ማድረስ አለበት።

ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርገን የጎን ሐረጎቹን ስናይ እብጠት ያላቸው አበባዎች ነበሩ፣ ያውም ጥቂት አይደሉም፣ ግን እብጠቷ ቢጫ ሆና ተጨማዳ ትወድቃለች። ይሄ ምልክት ሁሉንም ነገር ተናገረ። ተክሉ ሴቴውን ክፍል አምጥቷል፣ ብናኝ ያደረሰለት ግን የለም። ለምን የለም? መረቡ! ከነፍሳት ይጠብቃል ተብሎ የተዘረጋው መረብ ንቡንም ከውጭ አስቀርቶታል። ባለቤቷ ሲገባቸው ሳቁ፣ "በር ዘግቼ እንግዳ ስጠብቅ ኖሬያለሁ በለኛ" አሉ።

የተወሰደው እርምጃ

ዩሪያውም የፍግ ውሃውም ቆመ። መረቡ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እኩለ ቀን ላይ እንዲመለስ ተስማማን፣ የሜሎን አበባ የሚከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ስለሆነና ዋናው ሥራ ጠዋት ስለሚያልቅ ከሰዓት ተሸፍኖ ቢውል ጉዳት የለውም። ጥንዚዛ ይገባል ብለው ፈርተው ነበር፣ ትንሽ ገባ፣ ግን በዛ ሰዓት ሐረጉ ትልቅ ስለነበር ቅጠሉ ላይ ጥቂት ቀዳዳ ከማየት ያለፈ ነገር አልመጣም። መረቡ የሚያስፈልገው ችግኙ ለጋ እያለ ነው፣ እብጠት ያለው አበባ ከታየ በኋላ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው።

ንቡ ወዲያው አልመጣም። ስለዚህ በእጅ ማዳቀል ጀመርን፣ ይሄን የሠራችው የልጅ ልጃቸው ናት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጠዋት የተከፈተ ትኩስ ወንድ አበባ ትቀጥፊያለሽ፣ ቢጫ ቅጠሎቹን ልጠሽ መሃሉን ብቻ ታስቀሪያለሽ፣ ከዛ እብጠት ያላት አበባ ውስጥ ያለውን ተለጣፊ ጫፍ ዙሪያውን ቀስ ብለሽ ትነኪያለሽ። ዙሪያውን የሚለው ቃል እዚህ ቀልድ አይደለም። አንድ ጎን ብቻ ከተነካ ዘሩ በአንድ ጎን ብቻ ይፈጠራል፣ ሥጋው የሚያድገው ዘር ባለበት በኩል ስለሆነ ፍሬው ጎባጣ ይሆናል። ልጅቷ ደግሞ ማንም ሳይነግራት የነካቻቸው አበባዎች ላይ ቀይ ክር አሰረችባቸው፣ ቀኑንም ደብተር ላይ ጻፈች። እኔ በሰዓቱ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመን ያ ደብተር ሆነ።

በእጅ የተዳቀለው ገላጣው መደብ ብቻ ነው። የግንቡ ስር መደብ ሐረጉ ተጠላልፎ እግር ማስገቢያ ስለሌለው ለንብ ተተወ።

ገላጣው መደብ ላይ ፍሬ ወዲያው ያዘ፣ ክር ከታሰረባቸው አብዛኞቹ እያበጡ ሄዱ። የግንቡ ስር መደብ ላይ ዘግይቶና በጥቂቱ ያዘ፣ ግማሹም ጎባጣ ነበር። እዚህ ድረስ ታሪኩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ችግር ሁለት፦ ውሃ ውሃ የሚል ሜሎን

የመጀመሪያው ሜሎን ሲቆረጥ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ነበር አሉ። ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ጣዕሙ ግን ኪያር ነው። ጎረቤትየው በዛች ሰዓት "አላልኳችሁም?" ማለቱ አይቀርም፣ አለም።

የኪያሩን ነገር እዚሁ ልጨርሰው ምክንያቱም ብዙ ቦታ የሚሰማ እምነት ነው። ኪያርና ሜሎን ዘመዳሞች ናቸው ግን ጓሮ ውስጥ አይዳቀሉም፣ ኪያር 14 ክሮሞዞም አለው ሜሎን 24፣ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ብትመላለስም ፍሬያማ ዘር አይወጣም። ሌላው ደግሞ የምንበላው ሥጋ የእናት ተክሉ አካል ነው፣ ብናኙ ከየትም ይምጣ የሚለወጠው ውስጥ ያለው ዘር ነው እንጂ የዘንድሮው ፍሬ ጣዕም አይደለም። ሁለት የሜሎን ዓይነቶች ጎን ለጎን ከተተከሉ ይዳቀላሉ፣ ያም ቢሆን ልዩነቱ የሚታየው ያንን ዘር በቀጣዩ ወቅት የዘራው ሰው ጓሮ ውስጥ ነው።

ታዲያ ጣዕሙ የት ሄደ? ሦስት ነገር ተደራርቧል። አንደኛ ገና ሳይደርስ ነው የተቆረጠው። በመጠን ነበር የሚለኩት፣ ሜሎን ግን መጠኑን ቀድሞ ይጨርስና ስኳሩን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስገባው። ደግሞ እንደ ሙዝ በኋላ ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርች አያከማችም፣ ስለዚህ ተቆርጦ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይመጣል፣ ስኳሩ ግን አይጨምርም፣ ሐረጉ ላይ ሳለ የገባው ነው ያለው። ሁለተኛ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በየቀኑ ጎማ ይለቀቅበት ነበር።

ሦስተኛው ነው ዋናው። በዛ ሰሞን ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የነፋበት የሚመስል ነገር ወጣ፣ ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፣ ቅጠል በተጠቀጠቀበትና አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ደስ ይለዋል፣ ከሌሎች የፈንገስ በሽታዎች በተለየ ቅጠሉ እንዲረጥብለትም አይጠብቅም። ባለቤቷ ደግሞ ንጹሕ ሰው ናቸው፣ በሽታ ያለበትን ቅጠል ሁሉ ለቅመው ጣሉ፣ "ፍሬውም ፀሐይ ያግኝ" ብለው ጤነኛውንም ጨመሩበት። ገላጣው መደብ ግማሽ በግማሽ ተራቆተ። ፍሬ ግን ከፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ጥቅም የለም፣ ስኳሩ የሚበስለው ቅጠሉ ላይ ነው፣ ኩሽናውን አፍርሶ ምሳ መጠበቅ ማለት ነው። ጭራሽ የተጋለጡት ፍሬዎች በፀሐዩ በኩል ቆዳቸው ነጣ፣ ከዛ ለሰለሰና በሰበሰ።

የሚገርመው የግንቡ ስር መደብ ነው። እግር ስለማያስገባ ማንም ቅጠሉን አልነካውም፣ ጎማ ስለማይደርሰው ውሃውም ያነሰ ነበር፣ ፍሬውም ጥቂት ስለሆነ ለአንዱ ፍሬ የሚደርሰው ቅጠል ብዙ ነው። ጥላ ያለበት፣ ጎባጣ ፍሬ ያፈራው፣ የተረሳው መደብ ከተንከባከቡት መደብ የበለጠ ጣፈጠ። ይሄን ባላየው ኖሮ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር፣ ምክንያቱም ፀሐይ ያነሰው መደብ ስኳሩም ማነስ ነበረበት።

ሁለተኛው ወቅት

የመጀመሪያው ወቅት ላይ ቅጠሉም ውሃውም የፍሬው ብዛትም አብረው ስለተለያዩ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አይቻልም ነበር። ስለዚህ በሁለተኛው ወቅት ገላጣውን ቦታ ብቻ ይዘን ለሁለት ከፈልነው፣ ሁለቱም ላይ ቅጠል አይነካም፣ ልዩነቱ ውሃ ላይ ብቻ እንዲሆን። ዘሩ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ተመረጠ። ፍጉ ቀነሰ፣ እሱም ቀድሞ በደንብ ተብላልቶ። በተክልና በተክል መካከል ወደ 80 ሳንቲሜትር ተተወ፣ ይሄ ብቻውን አየሩን ለወጠው። ለአንድ ተክል ሁለት ወይ ሦስት ፍሬ ብቻ ተትቶ ሌላው ገና የእንቁላል መጠን ሳይደርስ ተነቀለ፤ ባለቤቷ በዚህ ነገር ልባቸው ደምቷል፣ "እንዴት ሰው የያዘን ፍሬ ይነቅላል" እያሉ ነበር፣ ግን አደረጉት። ከየፍሬው ስር የሸክላ ስባሪ ገባ፣ እርጥብ አፈር ላይ ተኝቶ እንዳይበሰብስ።

ውሃውን በተመለከተ አንደኛው ግማሽ እንደ ወትሮው ቀጠለ፣ ሌላኛው ግማሽ ላይ መድረሻው ሲቃረብ ቀነስን። መድረሻው መቃረቡን ያወቅነው ከደብተሩ ነው፣ ይሄ ዓይነት ሜሎን ከተዳቀለበት ቀን ጀምሮ በሙቀቱ ልክ ከ35 እስከ 45 ቀን ውስጥ ይደርሳል።

የሠራውና ያልሠራው

ቅጠሉን አለመንካት በግልጽ ሠራ። በሁለቱም ግማሽ ያለው ፍሬ ካለፈው ወቅት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ስኳር መለኪያ ተገኝቶ ሲለካም ምላስ ያለውን ነው የደገመው፤ ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ለዚህ ዓይነት ሜሎን 9 ብሪክስ (የጭማቂው የስኳር መጠን መለኪያ ነው) ጥሩ፣ 11 በጣም ጥሩ ተብሎ ይመደባል፣ የባለፈው ወቅት ዓይነቱ ውሃ ውሃ የሚለው ከዛ በታች ነው።

ውሃ መቀነሱ የጠቀመው ከተጠበቀው ያነሰ ነው። በመጠኑ የተቀነሰበት ፍሬ ትንሽ ይሻላል፣ ያውም የሚሻለው የፍሬው መሰንጠቅ ስለቀነሰ ነው ብል ይቀለኛል። ግን እዛው ጋር አንድ ጥግ ላይ "ከጠቀመ ሙሉ በሙሉ ይቁም" ተብሎ ውሃ የተከለከለ ተክል ነበር፣ እሱ ቅጠሉ ጠውልጎ ደረቀ፣ ፍሬውም ሳይጣፍጥ ቀረ። ውሃ አቁሙ የሚለው ምክር ሲነገር አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ አብሮ አይነገርም፣ ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈርና አሸዋማ አፈር ላይ ያው ምክር ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉ ሲንጠለጠል አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም፣ የሜሎን ትልልቅ ቅጠሎች እኩለ ቀን ላይ ይዝላሉ፣ ማየት ያለባችሁ ምሽት ላይ ወይ በማግስቱ ማለዳ ቀና ብለዋል ወይ የሚለውን ነው።

በሽታው ላይ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ተሞክሮ የቅጠሉን ጠርዝ አቃጠለ፣ ተተወ። ድኝ ይሠራል የሚል ሐሳብም ነበር፣ ይሠራልም፣ ግን ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የሜሎን ቅጠል ሊያቃጥል ስለሚችል አልተጠቀምንበትም። ከመርጨት ሁሉ በላይ የሠራው ርቀቱና የሚቋቋመው ዝርያ ነው። በሽታው በስተመጨረሻ መጣ፣ ግን ፍሬው ሊደርስ ሲል ነው የመጣው፣ ነጭ ያለበት ቅጠልም ቢሆን አረንጓዴ ክፍል እስካለው ድረስ ይሠራልና ተተወ፣ የተነሳው ሙሉ በሙሉ የደረቀው ብቻ ነው።

የዋናውን ሐረግ ጫፍ መቁረጥ የሚባለው ነገር አለ፣ የጎን ሐረግ ቶሎ እንዲወጣ። የተወሰኑት ላይ አደረግነው፣ የጎን ሐረጉ ቀደም አለ፣ እውነት ነው፣ በመጨረሻ ግን ካልተቆረጡት ጋር ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላየሁም። ቦታ የጠበበው ሰው ያድርገው፣ ቦታ ያለው ሰው ግን ራሱን ባያደክም ይሻላል ባይ ነኝ።

ካለፈው ወቅት ሜሎን ተጠራቅሞ ጥግ ላይ የተዘራው ዘርም አስቂኝ ነገር አመጣ፣ አንዱ መረብ ያለው ቆዳ፣ አንዱ ልሙጥ፣ አንዱ የቡጢ መጠን። የኤፍ ዋን ዘር ልጆች እንደዚህ ይበታተናሉ፣ ኪያሩም ንቡም የለበትም።

ሌላ ጓሮ ላይ የሚሠራው

ፍሬ የለም የሚል ሰው መጀመሪያ አበባውን ገልብጦ ይይ። እብጠት ያላት አበባ ጭራሽ ከሌለች ወይ ገና ጊዜው አልደረሰም ወይ ናይትሮጅን በዝቷል፣ ታገሱ፣ ማዳበሪያ አትጨምሩ። እብጠቷ ኖራ ቢጫ ሆና የምትወድቅ ከሆነ ብናኝ አልደረሳትም፣ ጠዋት ወጥታችሁ ንብ መኖሩን እዩ፣ ከሌለ በእጅ። አንድ ተክል ላይ ጥቂት ፍሬ ይዞ ሌላው የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ በሽታም ምንም አይደለም፣ ተክሉ መሸከም የሚችለውን መርጦ ነው። ሦስቱ ነገሮች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው፣ እዚህ ጓሮ ላይ ዩሪያ የተጨመረው ይሄ ስላልተለየ ነው።

መቁረጫ ሰዓቱን በተመለከተ መረባማው ሜሎን ራሱ ይናገራል፣ ፍሬው ከሐረጉ የተያያዘበት ቦታ ዙሪያውን ይሰነጠቃል፣ ትንሽ ሲገፋ ይለቃል፣ ከመረቡ ስር ያለው አረንጓዴ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ አበባ የነበረበት ጫፍም ይሸታል። መጎተት ካስፈለገ አልደረሰም። ልሙጥና ነጣ ያሉት ዓይነቶች ግን አብዛኞቹ እንዲህ አይለቁም፣ ቀዩ ሐብሐብም አይለቅም፣ እሱ ላይ ፍሬው አጠገብ ከሐረጉ የምትወጣው ጥምጥም ክር መድረቋንና መሬት የነካው ጎኑ ከነጭ ወደ ቢጫ መዞሩን ነው የሚያዩት። ለሁሉም የሚሠራው ያቺ የክርና የደብተር ዘዴ ናት፣ ቀኑ ከተመዘገበ መረባማው ላይ ከ35ኛው ቀን በፊት ማንም ሰው ቢላ ይዞ አይሄድም።

ሁለት መደብ ያለው ሰው ሁለቱንም አንድ ዓይነት ባያደርግ እመክራለሁ። እዚህ ጓሮ የተረሳው መደብ ባይኖር ኖሮ በቀጣዩ ወቅት የሚቀየረው ዘሩ ነበር፣ ቅጠል መልቀሙም ይቀጥል ነበር።

ለሦስተኛው ወቅት ቦታው ተቀይሯል። ፉዛሪየም የሚባለው ሥር የሚያደርቅ ፈንገስ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ሜሎንን እዛው ቦታ እየደጋገሙ መትከል አይመከርም። ኪያርና ዱባም የዚሁ ቤተሰብ ስለሆኑና ተባይና በሽታ ስለሚጋሩ በሜሎን ቦታ አይተኩም። ስለዚህ ገላጣው መደብ ላይ ቲማቲም ገብቷል፣ የግንቡ ስር ሰላጣ ሆኗል፣ ሜሎኑ ደግሞ ቲማቲም የነበረበት ቦታ ላይ በገመድ ወደ ላይ እንዲወጣ ተደርጓል። ፍሬው ሲከብድ ዘንጉ እንዳይበጠስ ለየአንዳንዱ ከአሮጌ ጨርቅ ማቀፊያ እየተሰፋለት ነው፣ የጥንቱ የነፍሳት መረብም ተቆራርጦ ለዛው ሥራ ውሏል።